ሰው ከሚወጣበት ከተማ ገብቼ

ታጂኪስታን ባለችው ኹጃንድ ከተማ ውስጥ አዲስ የሚተዋወቀኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። ከየት እንደመጣሁ አይደለም፤ እሱን ቆየት ብለው ነው የሚያነሱት። «እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ነው። የታክሲ ሹፌሩ ይጠይቀኛል፣ ዳቦ ሻጯ ትጠይቀኛለች፣ አንዴ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ዶክተሯ ምርመራውን ትታ ጠይቃኛለች። አይፈረድባቸውም። ባሎቻቸው፣ ወንድሞቻቸውና ልጆቻቸው ሩሲያ ናቸው። ከዚህ ይወጣል እንጂ ወደዚህ ማን ይገባል?

የመጣሁት አግብቼ ነው። ሩሲያ ስማር የተዋወቅኩት ሰው የዚህ ከተማ ልጅ ነበር። እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ። ሁለታችንም ሙስሊም መሆናችን የቤተሰቡን ጭቅጭቅ አቀለለው። እናቴ ግን እስካሁን «ታጂኪስታን» የሚለው ስም አፏ ላይ አልገባም። ጎረቤት ሲጠይቃት «እዚያ ሩሲያ አካባቢ ነች» ብላ ትገላገላለች።

ኹጃንድ ከዋና ከተማዋ ከዱሻንቤ ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ከተማ ናት፤ የሰሜኑ የሱግድ ክልል ዋና ከተማ። ሲር ዳሪያ የሚባል ትልቅ ወንዝ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ329 ከሁሉም የራቀችውን ከተማውን የቆረቆረው እዚህ ነው ይላሉ ታሪክ ጸሐፊዎች። የሰፈሬ ሰው ግን ስለ እስክንድር ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። የሚኮሩት በቴሙርማሊክ ነው። በ1220 የጄንጊስ ካን ጦር ሲመጣ ወንዙ መሀል ካለ ደሴት ላይ ሆኖ የተዋጋ አዛዥ ነው።

አማቴ ደግሞ የሚያወሩት ስለ ሌኒን ነው። ከተማዋ በፈረንጆቹ ከ1936 እስከ 1991 ሌኒናባድ ነበር ስሟ። እሳቸው ዛሬም ሲረሱ እንደዚያ ይጠሯታል። በወጣትነታቸው የሠሩት በሐር ፋብሪካ ነው። በዚያ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች የሚሠሩበት፣ የከተማዋ ኩራት የነበረ ፋብሪካ። ወንዙ ዳር የነበረውን ግዙፉን የሌኒን ሐውልት በፈረንጆቹ 2011 አንስተው ወደ ሌላ መናፈሻ ሲወስዱት፣ በቦታው የቆመው የጥንቱ የሳማኒ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ እስማኤል ነው። እኛም አገር የሌኒን ሐውልት እንደነበረና በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሰው አፍርሶት እንደጣለው ስነግራቸው በጣም አዘኑ። «ምን አደረጋችሁ!» አሉኝ። እንደ እሳቸው እምነት ሌኒን እያለ ልጅ ወደ ሰው አገር አይሰደድም ነበር። ልከራከራቸው አልሞከርኩም። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ሻይ መቅዳት እዚህ ቀልድ አይደለም። ኬሊን ማለትም የቤቱ ምራት ስትሆኚ ሥራሽ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ከግቢው በር ፊት ያለውን መንገድ ውኃ ረጭተሽ ትጠርጊያለሽ። ካልጠረግሽ ጎረቤት ያያል። ከዚያ ሻይ። አረንጓዴው ሻይ ሲፈላ መጀመሪያ ፒያላ በሚሉት እጀታ በሌለው ስኒ ትቀጂና መልሰሽ ጀበናው ውስጥ ትጨምሪዋለሽ፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ለእንግዳ የምትቀጂው ከስኒው ግማሽ በታች ነው። ደሴ ውስጥ እንዲህ ብቀዳ ስስታም እባላለሁ። እዚህ ግን ስኒውን አፍ ድረስ የሞላሽበት እንግዳ «ጠጥተህ ሂድልኝ» እንደተባለ ነው የሚቆጥረው። ትንሽ ከቀዳሽ ደጋግመሽ ትነሻለሽ፤ ደጋግሞ መነሳቱ ነው ክብሩ። ጉልበቴ ያውቀዋል።

ቡናዬን አልተውኩም። ስቆላ አማቴ መጀመሪያ መስኮት ይከፍቱ ነበር። አሁን ጎረቤት ይጠራሉ። የሚጠጡት ግን በሻይ አስተሳሰብ ነው፤ ትንሽ ቅጂልኝ ይሉኛል፣ ደግመው ደግመው።

ገበያው ፓንጅሻንቤ ይባላል፤ የሐሙስ ገበያ እንደማለት ነው፣ ግን በየቀኑ አለ። በ1964 የተሠራ ትልቅ ባለ ጣሪያ አዳራሽ አለው። ፊት ለፊቱ የሼህ ሙስሊሂዲን መቃብርና መስጊድ። አደባባዩ በእርግብ የተሞላ ነው። ከውስጥ የደረቀ አፕሪኮት፣ ዘቢብ፣ ለውዝ ክምር በክምር። ገበያውን የያዙት ሴቶች ናቸው። የሚሸጡትም የሚሸከሙትም እነሱው። ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ መጀመሪያ አፍሬ ነበር። መልሱ ቀላል ነው። ወንዱ የለም።

የአገሩ ሕዝብ አሥር ሚሊዮን ገደማ ነው። ሩሲያ ሄዶ የሚሠራው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይገመታል። የሚላከው ገንዘብ በአንዳንድ ዓመታት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ግማሽ ገደማ ደርሷል። ቁጥሩን ተዉትና አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እዚህ አንድ ወንድ ለሥራ ሲወጣ ከቤት ዳቦ ይቀርብለታል። ክብ ዳቦ ነው፣ ታንዱር የሚሉት የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የበሰለ፣ መሀሉ በመርፌ ማኅተም የተወጋጋ። አንድ ጊዜ ገምጦ ይሄዳል። የቀረው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀላል። ማንም አይነካውም። ሰውየው ሲመለስ ራሱ ይጨርሰዋል። እኛ ቤት ሁለት ዳቦ ተሰቅሎ ያውቃል፤ የባሌና የታናሽ ወንድሙ።

በመጋቢት 2024 ሞስኮ ውስጥ የኮንሰርት አዳራሽ ላይ የደረሰው ጥቃት ከ140 በላይ ሰው ገደለ። በተኳሽነት የተከሰሱት አራቱ የታጂክ ዜጎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ታጂክ የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ባሌ ለእረፍት መጥቶ ወደ ሥራው ሲመለስ አየር ማረፊያው ውስጥ አቆዩት። ወረቀቱ ሙሉ ነበር። ወለል ላይ አደረ፤ ከሱ ጋር ብዙ ሰው። ከዚያ መልሰው በመጣበት ሰደዱት። ቤት ሲገባ አማቴ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዳቦውን አወረዱ። ገና በደንብ እንኳ አልደረቀም። ሻይ ውስጥ እየነከረ በላው፤ መሀል ላይ ሳቅ አመለጠውና ሁላችንም ሳቅን። ምን ይደረጋል!

እኔ ስደትን የማውቀው ከሌላ በኩል ነው ብዬ አስብ ነበር። ትልቅ እህቴ ልጅ እያለሁ ጅዳ ሄደች። ገንዘብ ትልክ ነበር፤ እኛም ቤታችንን አደስን፣ እኔም ተማርኩ። እናቴ ስልኩን ከጡቷ ሥር አትለየውም። ያን ጊዜ «ምን ታበዛለች» እል ነበር። አሁን ማታ ማታ አማቴ ኢሞ ከፍተው የሁለተኛውን ልጃቸውን ፊት ሲያዩ አያለሁ። የሚጠይቁት ያው ነው፦ በላህ ወይ፣ ለብሰሃል ወይ። ልጁም የሚመልሰው ያው ነው፤ ሁሉም ደህና ነው። እህቴ ደህና ነኝ የምትለውን በዚህ አነጋገር ነበር የምትለው። ያኔ እናምናት ነበር። አሁን ስደውልላት ቀጥ ብዬ «ደሞዝ ሰጡሽ ወይ? ትተኛለሽ ወይ?» እላታለሁ። መጀመሪያ ተቆጣችኝ። ቆይታ ግን ማውራት ጀመረች።

ባሌ አሁን ወደ ታሽኬንት መስመር ይነዳል። ከኡዝቤኪስታን ጋር ቪዛ የቀረው በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት ቅርብ ዘመድ ጠይቆ ለመመለስ ስንት ጣጣ ነበር። ከኪርጊዞች ጋር ደግሞ በ2021ና በ2022 ድንበር ላይ ሰው ተገዳድሏል። በመጋቢት 2025 ግን የሦስቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች እዚሁ ኹጃንድ ተገናኝተው ድንበሮቻቸው የሚገጥሙበትን ነጥብ በፊርማ አጸደቁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያወራው መንገድ ስለ መከፈቱ ነበር። የባሌ ገቢ የሞስኮን ሩብ አያህልም። ማታ ግን ቤቱ ይገባል። አማቴ ደስ ብሏቸዋል፤ ባሌ ግማሽ ልቡ አሁንም ሩሲያ ነው፤ ዕዳ አለብን።

ይህን አንብባችሁ ወደዚህ የምትመጡ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። ከዱሻንቤ በመኪና ትመጣላችሁ፤ ተራራው ውስጥ አምስት አምስት ኪሎ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ዋሻዎች አሉ። ሐምሌ ላይ አትምጡ፣ ሙቀቱ 40 ይገባል። የፀደይ አዲስ ዓመታቸው በሆነው በኖውሩዝ ሰሞን፣ በፈረንጆቹ መጋቢት መጨረሻ ኑ። ሻንጣችሁ ላይ ቦታ ከተረፈ በርበሬ ጣል አድርጉልኝ፤ ያለኝ እያለቀ ነው፤ አማቴም ለምደውብኛል።