ካታራክት፦ ከጢስ አባይ እስከ አያቴ ዓይን

አስጎብኚ ነኝ። እንግዶች ይዤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጢስ አባይ ስወርድ ሳላነሳው የማላልፈው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፦ ካታራክት። የዛሬ ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ የሚያውቁት ከዓይን ሐኪም ነው፤ ሞራ ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ግን በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ ስለ ፏፏቴያችን ሲጽፍ የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው።

ሥሩ ግሪክ ነው፤ ቁልቁል የሚወረወር እንደማለት። ሮማውያን ከላይ ወደ ታች ለሚለቀቅ የከተማ በር መዝጊያም አዋሉት። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ደግሞ በኖኅ ታሪክ እኛ «የሰማይም መስኮቶች ተከፈቱ» በምንልበት ቦታ ያስገቡት እሱን ነው። ነሐሴ ላይ የአላታን ድልድይ ተሻግሮ ፏፏቴው ፊት የቆመ ሰው ይህ አይገርመውም። ርጭቱ ልብስ ያበሰብሳል፤ አጠገብህ ያለው ሰው የሚልህ አይሰማህም።

ታዲያ ዓይን ውስጥ እንዴት ገባ? የዐረብ ሐኪሞች በሽታውን ወደ ዓይን የሚወርድ ውኃ ይሉት ነበር፤ ፈሳሽ ከላይ ወርዶ ብሌኑ ላይ ይረጋል ብለው ያምኑ ነበርና። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን አገር፣ ሞንቴ ካሲኖ ገዳም የነበረው አፍሪካዊው ቆስጠንጢኖስ መጻሕፍታቸውን ወደ ላቲን ሲመልስ ለዚያ ውኃ ካታራክታ የሚለውን ቃል መረጠ። ስሙ የመጣው ከበሩ መዝጊያ ነው የሚሉም አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ የውኃው ነው።

በእርግጥ የሚወርድ ውኃ የለም። የሚደፈርሰው ከብሌኑ ኋላ ያለው ሌንስ ራሱ ነው። የእኛ ስም ውስጥ ውኃም በርም የለም። በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የሚሸፍነውን ያን ስስ ነጭ ስብ፣ ሞራ ገላጭ ዘርግቶ የሚያነበውን፣ አይታችሁ ከሆነ የአያቴን ዓይን አይታችኋል። ብሌናቸው መሐል ላይ ነጭ ነገር ተጋርዶ ነበር። በድምፅ ነበር የሚለዩን። ቡና ሲቀዱ ሲኒው መሙላቱን የሚያውቁት ጣታቸውን አፉ ላይ አድርገው ነው። ቤተሰቡ ሁሉ እርጅና ነው ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል።

ፋሻው በተፈታ ቀን አያቴ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ከስተህ ነው እንዴ ደኅና ነኝ የምትለኝ?» አሉኝ።