ታንክስጊቪንግ በሌይደን

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካውያን የምስጋና በዓል፣ የሚውለው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ የገና ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። አሜሪካ የኖረ ጾመኛ ሐበሻ ይህን ሒሳብ በየዓመቱ ያሰላዋል። በዓሉ ቀደም ካለ ሁሉም ተርኪውን (የፈረንጆቹን ትልቅ ዶሮ) ይበላል፤ ከዘገየ ግን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ልጆቹ ወደ ሥጋው፣ እናቶች ወደ ሽሯቸው። በ2017 ዓ.ም. የዋለው ኅዳር 19 ነበር፤ ከዚያ በላይ ሊዘገይ አይችልም። እኔ ጾመኛ ነኝ። ቢሆንም እንጀራና ሽሮ ሸክፌ ከፍራንክፈርት ሆላንድ ድረስ ሄድኩ።

ከአሜሪካ በዓላት ሁሉ ልቤ ውስጥ የገባው ይሄ አንዱ ነው። ስጦታ የለበትም፣ ርችት የለበትም፤ ሰው ተሰብስቦ ይበላል፣ ያመሰግናል፣ አለቀ። ሲልቨር ስፕሪንግ ገና እንደገባሁ፣ ሥራ ሳልይዝ፣ ስሜን እንኳ በቅጡ መጥራት የማይችሉ ጎረቤቶቼ በሬን አንኳኩተው ማዕዳቸው ላይ ያስቀመጡኝ በዚያ ቀን ነው። ጀርመን ከመጣሁ ወዲህ ቀኑ ተራ የሥራ ሐሙስ ሆኖ ሲያልፍ ይከፋኝ ነበር። ስለዚህ ሌይደን ያለችው ጓደኛዬ «ዘንድሮ እኛ ቤት ነው፣ ደግሞም ነገሩ የተጀመረበት ከተማ ነው» ስትለኝ የሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ስለ ባቡሩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከኮሎኝ በኋላ ቆሞ ቀረ፣ ዩትሬክት ላይ ቀጣዩ አመለጠን፣ ሌይደን ስገባ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነበር። የጓደኛዬ ቤት ጠባብ ስለሆነ ማረፊያ ይዣለሁ። እዚያ የገጠመኝ ነው ያበሳጨኝ። በስልክ የተነገረኝ ዋጋ 92 ዩሮ ነው። ልጁ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለሚገባ 25 ዩሮ ተጨማሪ» አለኝ። የት ተጽፏል ብለው የበሩን ጀርባ አሳየኝ። አሜሪካ የኖረ ሰው እንዲህ ሲሆን ማናጀር ጥሩልኝ ማለት ይለምዳል፤ ልጁ ግን ማናጀሩም ባለቤቱም ተኝተዋል አለ። ከፈልኩ። ደረጃው እንደ ቆጥ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ሻንጣዬን ከፊቴ እየገፋሁ ወጣሁ። ክፍሉ ከአንድ የተማሪዎች መጠጥ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ሌይደን ከ1575 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ በዚያች ሌሊት ተማሪዎቿ በሙሉ መስኮቴ ሥር የተሰበሰቡ ይመስል እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ዘፈኑ።

ጠዋት ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ወደ ፒተርስከርክ ሄድኩ። ትልቅ የጎቲክ ሕንፃ ነው፤ ዛሬ መደበኛ ቤተ ክርስቲያን ባይሆንም በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ጠዋት የምስጋና ጸሎት ይደረግበታል። ውስጡ ይበርዳል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የሌይደን አሮጊት የያዙትን የጸሎት ወረቀት ማየት አለማየቴን ሲመለከቱ ቆይተው መሀላችን ላይ ዘረጉልኝ፤ ከዚያ ብርድ ልብሳቸውን ግማሹን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉት። ሆላንዶች ቀረብ አይሉም ሲባል ሰምቼ ነበር። እኔ ያየሁት ይህን ነው።

ጸሎቱ ሲያበቃ «ሮቢንሰንን አይተሃል?» አሉኝና ክንዴን ይዘው ወጡ። በውጭው ግድግዳ ላይ አሜሪካውያን በ1891 ያኖሩት የነሐስ ጽላት አለ፤ ከዚህ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዓሉን የጀመሩት እንግሊዛውያን ስደተኞች ፓስተር የነበረው የጆን ሮቢንሰን መታሰቢያ ነው። ሮቢንሰን በ1625 እዚሁ ሞቶ እዚሁ ተቀበረ፤ አሜሪካን አላያትም። ከመንገዱ ማዶ ቤቱ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራ የአረጋውያን ግቢ አለ፤ አሮጊቷ በሩን ገፋ አድርገው ጽጌረዳ የተተከለባትን ትንሽ ግቢ አሳዩኝ።

ታሪኩን በመንገድ ላይ ነገሩኝ፤ ያን ያህል ረጋ ብሎ የነገረኝ ሰው አሜሪካ ውስጥ አላጋጠመኝም። እንግሊዞቹ በሃይማኖታቸው ሲሳደዱ መጀመሪያ አምስተርዳም፣ ከዚያ በ1609 (እ.ኤ.አ.) ሌይደን ገቡ። ከተማዋ ተቀበለቻቸው። ኋላ አሜሪካ ውስጥ የሰፈሩባት የፕሊመዝ ገዥ የሆነው ዊሊያም ብራድፎርድ እዚህ ሸማኔ ነበር። የስደተኞቹም ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ሥራ ላይ ጎበጡ። ሃይማኖታቸውን የከለከላቸው የለም፤ ታዲያ ለምን ሄዱ? ድህነቱ አንድ ነገር ነው፤ ጦርነትም ይመጣል የሚል ፍርሃት ነበር። ከመካከላቸው የነበረው ኤድዋርድ ዊንስሎው የጻፈው ምክንያት ግን እዚያው መንገዱ ላይ አቆመኝ፦ ቋንቋችንንና እንግሊዛዊነታችንን እናጣለን ብለው ፈሩ። ልጆቹ ደች እየሆኑባቸው ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እሁድ እሁድ ከእናቶች እሰማው የነበረው እሮሮ አይደለም እንዴ!

በ1620 ሐምሌ ላይ ከዴልፍስሃቨን ወደብ በስፒድዌል ተነሱ፤ መርከቧ ስታፈስስ እንግሊዝ ላይ ወደ ሜይፍላወር ተዛወሩ። ከ102ቱ ተሳፋሪዎች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት አላለፉም። በ1621 መኸር የአገሬው ተወላጆች ከሆኑት ከዋምፓኖአግ ሰዎች ጋር ሦስት ቀን ግብዣ ተቀመጡ። በዓሉን በአዋጅ ያጸናው ሊንከን ነው፣ በ1863። አሮጊቷ ሲሰናበቱኝ «የሄዱትን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ብዙዎቹ ግን እዚሁ ቀርተዋል፣ እኛ ነን» አሉኝ። ቡና ልጋብዝዎት ብል እምቢ አሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት የሚያመጡበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

የጓደኛዬ ቤት ስደርስ ማእድ ቤቱ ተጨናንቋል። እሷ አሌክሳንድሪያ ያደገች ናት፤ ባሏ የሌይደን ሰው ነው። ሌላው እንግዳ ሄግ የሚሠራ የሚሺጋን ልጅ ነው። ተርኪዋን ከሳምንታት በፊት ከሥጋ ነጋዴ አስቀድሞ አዝዟል፤ ስድስት ኪሎ ተኩል፣ 84 ዩሮ። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ሰሞን ሱፐርማርኬቶች ጥሩ አስቤዛ ላደረገ ደንበኛ ተርኪ በነፃ ያድላሉ፤ እሱም ዋጋውን በተናገረ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ይዞት ሲመጣ ግን ኦቨኑ አልቻለም። እዚህ ብዙ ቤት ያለው ከማይክሮዌቭ ጋር የተጣመረ ትንሽ ኦቨን ነው። ጭኑን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ ገነጣጥለው አንዱን ጎረቤት ቤት ላኩት። ጎረቤቷም ሴትዮ በየግማሽ ሰዓቱ ብቅ እያለች የሙቀቱን ልክ ትነግረን ነበር።

የቆርቆሮ ዱባ በቅርብ ስላልተገኘ ደማቅ ብርቱካናማውን ዱባ ጠብሰው ፈጭተውታል። ክራንቤሪው ግን ከእዚሁ ከቴርስሄሊንግ ደሴት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ከመርከብ የወደቀ በርሜል ባሕሩ ወደ ዳር ቢተፋው ፍሬው አሸዋው ላይ በቀለ ይባላል፤ እነሆ እስከ ዛሬ ይለቀማል።

የሚሺጋኑ ልጅ የልቤን ያደረሰው ሳልጠይቀው ነው። ድንቹን በቅቤና በወተት ሳይሆን በወይራ ዘይት አሽቶ፣ ዳቦውንም በአትክልት መረቅ አርሶ ሠርቶ፣ «ይሄ ያንተ ነው፣ ማንኪያው እንዳይቀላቀል» ብሎ በተለየ ሳህን አስቀመጠልኝ። እኔም እንጀራዬን ዘርግቼ ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን አወጣሁ። ከሥራ በብስክሌት እየበረሩ የመጡት ደቾች ከተርኪው ይልቅ ጎመኑ ላይ አተኮሩ።

የሚሺጋኗ ዲትሮይት የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በታንክስጊቪንግ ቀን የሚጫወተው ከ1934 ጀምሮ ነው። ያን ቀን ጨዋታው እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ጀመረ፤ ሌይደን ላይ በሐበሻ አቆጣጠር እንዲሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። ቺካጎን 23 ለ 20 ሲያሸንፉ የሚሺጋኑ ልጅ ወንበር ላይ ቆመ።

ከጨዋታው በፊት ግን ዙሩን ያዝን፤ ሁሉም በየተራ የሚያመሰግንበትን ይናገራል። የሚሺጋኑ ልጅ የዋምፓኖአግን ሰዎች አነሣ፤ ከ1970 ጀምሮ የአገሬው ተወላጆች በዚህ ቀን ፕሊመዝ ላይ ተሰብስበው ኀዘን እንደሚቀመጡ ተናገረ፣ ያንንም ሳያነሣ መብላት አይወድም። ከዚያ የሰባት ዓመቱ ልጅ ተነሥቶ አያቱ ለገና እንደምትመጣ በደች ተናገረ። አባቱ ተረጎመልን። እናቱ ዝም አለች።

ዕቃ ስናጥብ «አምና በእንግሊዝኛ ነበር ያለው» አለችኝ። «አማርኛውማ ቀድሞ ነው የሄደው፤ ሲጠሩት ይሰማል፣ አይመልስም።» አሮጊቷ የነገሩኝን ነገርኳት። «የቀሩትስ ምን ሆኑ?» አለች። «ደች ሆኑ» አልኳት። እጇን አደራረቀችና ስልኩን አነሣች።

ቨርጂኒያ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። እናቷ ሽሮ እያማሰሉ ወጡ፣ ከኋላቸው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «የት አለ የኔ ጌታ?» አሉ። ልጁ መጥቶ ፊቱን ስልኩ ላይ ደቀነ። «እንዴት ነህ?» ሲሉት ወደ እናቱ ዞረ፤ እናቱ አልረዳችውም። «ደህና» አለ። «ደህና ነኝ በል።» «ደህና ነኝ።» «ክረምቱን እኔ ጋ ነው የምትከርመው፣ ሰምተሃል?» ጓደኛዬ የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሐምሌ ውስጥ መቼ እንደሚጀምር ባሏን ጠይቃ ቀኑን ለእናቷ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም እስኪርቢቶ እስኪያገኙ ጠብቂኝ አሉ።