ጠባቧ ኬዝ

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላችብኝ ይቺ ያገለገለች ቀጭን ዴስክቶፕ ናት። ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ክፍል፣ ልጨምርላት ብዬ ነው።

ኤሌክትሪክ የሚያድላት ፓወር ሰፕላይዋ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ 30 ዋት ብቻ የሚወስደውን ጂቲ 1030 የሚባል ካርድ መረጥኩ። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ራሱ እስከ 75 ዋት ስለሚሰጥ ሌላ ኬብል አይፈልግም። ያስቸገረኝ ቁመቱ ነው። ካርዱ አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ የታሰረችው ቆርቆሮ ግን ለትልቅ ኬዝ (የኮምፒውተር ሳጥን) የተሠራች፣ 12 ሳንቲሜትር። የእኔዋ የምትቀበለው 8 ገደማ ነው። ደግነቱ አጭሯ ቆርቆሮ ካርቶኑ ውስጥ ነበረች። ካርቶን ቶሎ አትጣሉ!

ብሎኖቹን ፈትቼ ቀየርኩ። አሁን ደግሞ የሃርድ ዲስኩ ኬብል ልክ ፋኑ ላይ ተጋደመ። ወደ ጎን ሳጥፈው ተመልሶ ይመጣል። እጄን ባስገባሁ ቁጥር የኬዙ ጠርዝ ይቧጭረኛል። በመጨረሻ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ካርዱን ጫን ሳደርገው “ቀጭ” አለ። ያቺን ድምፅ እንዴት እንደምወዳት!

አበራኋት። ስክሪኑ ጨለማ። ልቤ ቀጥ አለ።

ለካ የስክሪኑን ኬብል የሰካሁት አዲሱ ካርድ ላይ ሳይሆን የድሮው ቀዳዳ ላይ ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። ቡናው ከቀዘቀዘ ቆይቷል።