ለእናቴ የገዛሁት ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን፦ ከሱቁ እስከ ጣሪያው ዲሽ

እናቴ ቤት ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ቴሌቪዥን ከኋላው እንደ ሣጥን ያበጠ ባለ 21 ኢንች አሮጌ ዕቃ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም መካከል ምስሉ ከላይና ከታች እየጠበበ ሄደና በመጨረሻ በጥቁሩ መስታወት መሐል አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ሆኖ ቀረ። ጠጋኙ ከፍቶ ካየው በኋላ የሚቀየርለት ዕቃ ከገበያ እንደጠፋ ነገረኝ። እኔና እህቴም ለፋሲካ አዲስ ልንገዛላት ተስማምተን 40,000 ብር አዋጣን። ሐሳባችን ገንዘቡን በሙሉ ለስክሪኑ አውለን በተቻለ መጠን ትልቁን መግዛት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ሳምንታት የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ሐሳብ የተሳሳተ መሆኑን ነው፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ከጣሪያው ላይ ከዲሹ ጀምሮ የሚመጣ የአንድ ረጅም መስመር መጨረሻ ብቻ ነው፣ መስመሩ የላከለትን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ ሊያሳይ አይችልም።

ወደ ገበያ ከመውጣቴ በፊት ያደረግሁት አንድ ትክክለኛ ነገር ቢኖር ሜትር ይዤ ሳሎኑን መለካቴ ነው። እናቴ ከምትቀመጥበት ሶፋ እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው። የስክሪን ኢንች ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚለካ ስለሆነ፣ ባለ 43 ኢንቹ ጎኑ 95 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ 54 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ ከፍተኛ ጥራት ምስል ከስክሪኑ ቁመት 3 እጥፍ ያህል ርቀት ላይ ሲታይ ዓይን ጥራቱን በደንብ ያገኘዋል የሚባል የቆየ መመሪያ አለ፤ ይህም ለ43 ኢንች 1 ሜትር ከ60 ይሆናል ማለት ነው። የእኛ ሶፋ ከዚያ ትንሽ ራቅ ይላል። ስለዚህ ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች 1920 በ1080 የሆኑለት፣ ሻጮች ፉል ኤችዲ የሚሉት፣ ለዚህ ክፍል በቂ ነው። ባለ 3840 በ2160ው፣ ማለትም 4ኬ የሚባለው፣ ነጥቡ በአራት እጥፍ ይበልጣል፤ ነገር ግን በዚያ ርቀትና በዚያ መጠን የተቀመጠ ሰው፣ ይልቁንም ዕድሜው ከ70 ያለፈ ሰው፣ ልዩነቱን አያየውም። ለማይታይ ነገር ገንዘብ ላለመክፈል የወሰንኩት እዚያው ሳሎን ውስጥ ሜትሩን ይዤ ነው።

ከዚያ መርካቶ ሄድኩ። በመጀመሪያው ሱቅ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን በሚያስገርም ዋጋ ቀረበልኝ፤ በካርቶኑም በስክሪኑ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀትም 4ኬ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሻጩ ያስከፈተልኝ የማሳያ ፊልም ፏፏቴና አበባ የሚያሳይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምስል ግን በማንኛውም ስክሪን ላይ ያምራል። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት 1920 በ1080 የሆነ ምስል አዘጋጅቼ ጥቁርና ነጭ መስመሮችን አፈራርቄበታለሁ፣ የእያንዳንዷ መስመር ውፍረት ልክ አንድ ነጥብ ነው። ስክሪኑ በእውነት ያን ያህል ነጥብ ካለው እያንዳንዷን መስመር ለይቶ ያሳያል፤ ከሌለው ግን መስመሮቹ ተጨፍልቀው ግራጫ ይሆኑና በላያቸው ላይ እንደ ውሃ ማዕበል ያለ ነገር ይታያል። ላፕቶፑን ኤችዲኤምአይ በሚባለው የዲጂታል ምስል ገመድ ሳገናኘው ያየሁት ማዕበሉን ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቸኩሎ ከመፍረድ የሚያድን አንድ ነገር አለ። ብዙ ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ምስሉን ጥቂት አስፍተው ጠርዙን እንዲቆርጡ ተደርገው ስለሚመጡ፣ እውነተኛ ፉል ኤችዲ የሆነውም ቢሆን በዚህ ፈተና መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅጄ በሪሞቱ የምስል መጠን ማስተካከያ ውስጥ ገባሁና ምስሉን ሳይቆርጥ እንዳለ የሚያሳየውን ምርጫ መረጥኩ። የዚያኛው ስክሪን ማዕበል ግን አልጠፋም። የተጻፈው 4ኬ ሆኖ ፉል ኤችዲ እንኳን አልነበረም። ሻጩን አልከሰስኩትም፤ ምናልባት እሱም እንደተነገረው ነው የሚናገረው። አመስግኜ ወጣሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አንድ ሱቅ፣ ስሙ ብዙም ያልገነነ ነገር ግን የተጻፈበት ፉል ኤችዲ ብቻ የሆነ ባለ 43 ኢንች አገኘሁ። ያንኑ ማስተካከያ ስነካለት ማዕበሉ ጠፍቶ ቀጫጭኖቹ መስመሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አንድ በአንድ ተለይተው ቆሙ። ከዚያም ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴና ሙሉ ሰማያዊ ምስል እያፈራረቅሁ የሞተ ነጥብ ወይም በጥግ በኩል የሚያፈስ ብርሃን መኖር አለመኖሩን ፈተሽኩ። በ31,000 ብር ገዛሁት፤ በካርቶኑ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር በዕቃው ጀርባ ላይ ካለው ጋር አመሳክሬም በደረሰኙ ላይ አስጻፍኩ። ዋስትና የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ቁጥር ነው።

ቤት ወስደን የከፈትነው ቀን ምሽት ግን አንጀቴን አሳረረኝ። ምስሉ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የደበዘዘ፣ ጠርዙ የሚሸረፍ፣ ቀለሙ እርስ በርሱ የሚፈስ ነበር። እናቴ ዝም ብላ ስትመለከት ቆየችና «ልጄ፣ ሰዉ ሁሉ ወፍሯል፤ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ደስታዬን ላለመንካት ስለ ጥራቱ አልተናገረችም፤ ስለ ውፍረታቸው የተናገረችው ግን ልክ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት በማግሥቱ ጠዋት ሪሲቨሩን ከቴሌቪዥን ማስቀመጫው ላይ አንስቼ ወደ መስኮቱ ይዤው ስሄድ ነው። ቻናሎቻችን ናይልሳት ከሚባለው የሳተላይት ሥርጭት ወጥተው ኢትዮሳት ወደሚባለው በተዛወሩ ጊዜ እህቴ ለእናታችን ኤችዲ ሪሲቨር ገዝታላት ነበር። አሮጌው ቴሌቪዥን ግን የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ስላልነበረው የተገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ነበር፤ እኛም አዲሱን ስንተክል ያንኑ ገመድ ነቅለን ያንኑ ሰካን። በቢጫው ገመድ የሚያልፈው ምስል ግን የአሮጌው ዘመን ምስል ነው፤ ቁመቱ ቢበዛ 576 መስመር ነው፣ ቀለሙና ብርሃኑም በአንድ ሽቦ ተደባልቀው ነው የሚሄዱት። በሪሲቨሩ ጀርባ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ከፋብሪካ የተለጠፈበት ስስ ፕላስቲክ እንኳን አልተነሣለትም ነበር። ያን ፕላስቲክ በጥፍሬ ልጬ አነሣሁትና ከሰፈራችን ሱቅ ኤችዲኤምአይ ኬብል ገዝቼ ሰካሁ። ከቴሌቪዥኑ የተረፈውና ለአዲስ ሪሲቨር ሊወጣ ይችል የነበረው ገንዘብ ሳይነካ ቀረ።

ኬብሉ ብቻውን ሁሉንም አልፈታም። ሪሲቨሩ ራሱ ለአሮጌው ስክሪን 4 በ3 በሚባለው የጎንና የቁመት መጠን ተስተካክሎ ነበር፤ ሰዎቹ የወፈሩትም የጠበበውን ምስል ሰፊው ስክሪን ወደ ጎን ስለለጠጠው ነው። በሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ የሰፊውን ስክሪን መጠን፣ 16 በ9ን፣ መረጥኩ፣ የምስል መውጫውንም ወደ 1080 ከፍ አደረግሁ፣ በቴሌቪዥኑ በኩልም ያንኑ ሳይቆርጥ የሚያሳየውን ምርጫ ሰጠሁት። ሁለቱም መሣሪያዎች ምስልን የመለጠጥ ሥልጣን ስላላቸው አንዱን ብቻ ማስተካከል እንደማይበቃ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቻናሎቹም ሁሉም ኤችዲ አይደሉም፤ ከጣቢያው በዝቅተኛ ጥራት የሚላከውን የትኛውም ቴሌቪዥን አያጠራውም።

ከዚያ የዲሹ ነገር መጣ። ኤችዲ የሆኑት ቻናሎች ሲከፈቱ እየጠሩ ቆይተው ድንገት ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆራረጥና ድምፁ ይንቃቃል። አሮጌው የአንቴና ዘመን ምስል ሲግናል ሲደክም በረዶ እየመሰለ ቀስ በቀስ ይበላሽ ነበር፤ የዲጂታሉ ግን ወይ ይጠራል ወይ ይሰበራል። በሪሲቨሩ ላይ ሳየው የሲግናሉ ኃይል ከፍ ያለ ቢሆንም ኳሊቲው፣ ማለትም የሲግናሉ ጥራት፣ ከ48 አያልፍም ነበር። እኔ ዲሹን በትልቅ ለመቀየር ተዘጋጅቼ ነበር። የመጣው የዲሽ ሠራተኛ ወጣት ልጅ ነው፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ «ጋሼ፣ ዲሹ ምንም አልሆነም፤ ገመዱ ነው» አለኝና ጫፉን ወደ ታች አሳየኝ። ከኤል ኤን ቢው፣ ማለትም በዲሹ ፊት ለፊት ካለው ሲግናል ተቀባይ፣ ጋር የሚገናኘው ጫፍ ውሃ ገብቶበት መካከለኛው የመዳብ ሽቦ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል። ልጁ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ጣለና አዲስ ጫፍ አሰረለት፣ በላስቲክ ጠቀለለው፣ ከዚያም ገመዱ ከመሰኪያው በታች ወደ መሬት ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲመለስ አድርጎ አሰረው። የዝናብ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ወደ መሰኪያው ከመግባት ይልቅ በዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል። ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምሥራቅና ደቡብ መካከል፣ ከፍ ብሎ ወደ ሰማዩ አናት የተጠጋ ነው። በምዕራብ 7 ዲግሪ ያለው ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ ዝቅ ይላል፤ ለዚህ ነው በብዙ ጣሪያዎች ላይ ሁለት ዲሾች ጀርባ ለጀርባ ዞረው የሚታዩት። ልጁ ኤል ኤን ቢውን በመያዣው ውስጥ በጥቂቱ አዞረው፤ እኔም ከታች ሆኜ ቁጥሩን እየጮህኩ ነገርኩት። 71 ላይ ሲደርስ «በቃ፣ እሰረው» አልኩት።

ስለ መብራት ብዙዎች የሚመክሩት ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር እንድገዛ ነበር፤ እኔ ግን ከመግዛቴ በፊት በቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈውን አነበብኩ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ስለዚህ ማታ ማታ መብራት ሲደክም ቴሌቪዥኑ ራሱ ይችለዋል፤ የሚያቃጥለው ጠፍቶ ሲመለስ ድንገት የሚመጣው ከልክ ያለፈ ኃይል ነው። የገዛሁት ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ነው። ሪሲቨሩንም በዚያው ላይ ሰካሁት፤ በኤችዲኤምአይ የተገናኙ ስለሆኑ አንዱ የተጋለጠ ከሆነ ሌላውም ይጋለጣል።

ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ስለሆነ ለመስቀያው በ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር ቀዳዳ ስንበሳ ሁለቱ ባዶው ላይ ወደቁ፤ ወደ ብሎኬቱ መጋጠሚያ አዛውረን እንደገና በሳን። መጀመሪያ እንደ ምግብ ቤት ከፍ አድርጌ ልሰቅለው ነበር። እናቴ ከተቀመጠችበት ሶፋ ላይ ራሴ ተቀምጬ ሳየው አንገቴ ስለተወጠረ፣ የስክሪኑ መካከል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር እንዲስተካከል ዝቅ አደረግሁት።

የመጨረሻው ሥራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ሰው የሚተወውም እሱን ነው። ቴሌቪዥኑ ከፋብሪካ የመጣው በሱቅ መብራት መካከል ዓይን እንዲስብ ተደርጎ ነው፤ ብርሃኑ የመጨረሻው ጫፍ ላይ፣ ቀለሙ የሚጮኽ፣ የሰው ፊት ብርቱካን የመሰለ ነበር። ወደ ፊልም ምርጫው ቀየርኩት፣ ምስል ማሾያውን ወደ ዜሮ አጠገብ አወረድኩት፣ ምክንያቱም እሱ በፊደላት ዙሪያ ነጭ ጥላ ይጨምራል እንጂ ጥራት አይጨምርም። የኋላ መብራቱንም ከ100 ወደ 55 ዝቅ አደረግሁት። ከስክሪኑ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ይህ የኋላ መብራት ስለሆነና ሙቀት ስለሚጎዳው፣ ዝቅ ማድረጉ ዓይንንም ዕቃውንም ያሳርፋል። ያስተካከልኩትን ቁጥር ሁሉ በወረቀት ጽፌ በሪሲቨሩ ሥር አስቀመጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ሪሞቱን ነካክቶ ሲያዛባው ከዚያ ወረቀት እያየች የመለሰችው እህቴ ናት።

የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት የቅዳሴው ሥርጭት ሲጀመር ሁላችንም ሳሎኑ ውስጥ ነበርን። እናቴ መነጽሯን ፈልጋ ስታጣው ልነሣላት ስል በእጇ ከለከለችኝና ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ ከተቀመጠችበት ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ።