ንስሩን ከማዶ

ዛሬ ማለዳ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ፣ ዲጂታል ካሜራዬን ከወፍ መመልከቻ ቴሌስኮፕ ጋር በማያያዣ ቀለበት አጋጥሜ ዓሣ አዳኙን ንስር አነሳሁት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግር ሥር ናቸው፤ ለእነሱ ስልክም ይበቃል። ንስሩ ግን ከሩቅ ዛፍ ላይ ነበር። የካሜራው 50 ሚሊሜትር ሌንስ በቴሌስኮፑ 20 እጥፍ ሲባዛ እንደ 1000 ሚሊሜትር ሌንስ ሩቁን ያቀርባል! ችግሩ፣ ቅንጣት ንዝረት እንኳ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ቁልፉን ከተጫንኩ ከ2 ሰከንድ በኋላ ካሜራው ራሱ እንዲያነሳ አደረግሁ። ብርሃንም ይቀንሳል። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ የሞቀው አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ማለዳን የምወደው ለዚህ ነው። የነጭ ደረቱ ላባ ጥርት ብሎ ሲታይ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ወፉ እኮ መኖሬን እንኳ አላወቀም! ቴሌስኮፕ ያላችሁ የሐዋሳ ልጆች፣ ቅዳሜ ማለዳ ኑና አብረን እናንሳ።