ሰባት ቤት

ዛሬም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ከማታ ጀምሮ አላባራም። የቦስተን ዝናብ ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ወንድሜ ሐሙስ ዕለት የላከልኝን የድምፅ መልእክት ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። ውክልናውን ቶሎ ላኪ ነው የሚለው። የአያታችንን ቤት የሚገዛው ሰው አይጠብቅም። ወራሽ ሁሉ ተስማምቷል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጁ ደግ ነው፣ አልተቆጣሁትም። ግን እስካሁን አልመለስኩለትም።

ምናልባት ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ቤት ይሆናል እንቅልፍ የነሳኝ። ዴድሃም የምትባል ከተማ ውስጥ ነው፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የፌርባንክስ ቤት ይባላል። ግድግዳው ጣውላ ነው፣ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት አጥቁረውታል። ጣሪያው መሃሉ ላይ ጎብጧል። መሃል ላይ ትልቅ የጡብ ጭስ ማውጫ አለ፣ ቤቱ በሙሉ እሱን ተደግፎ የቆመ ይመስላል። የእንጨቱን ቀለበት የቆጠሩ ባለሙያዎች ዛፎቹ የተቆረጡት እ.ኤ.አ. ከ1637 እስከ 1641 ባለው ጊዜ ነው ይላሉ። በሰሜን አሜሪካ እስካሁን ከቆሙት የእንጨት ቤቶች የሚቀድመው እንደሌለ ይነገራል።

ዓመቱን ስሰማ ሐሳቤ ሮጦ ጎንደር ገባ። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሯት በ1636 ነው። እሳቸው ያረፉት በ1667፣ ይህን ቤት ያሠራው ጆናታን ፌርባንክስ ደግሞ በ1668። የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ተራ ሰው። የሁለቱም ቤት ዛሬ ቆሟል። የእናቴ ወገኖች የደምቢያ ሰዎች ናቸው። ያኔ እዚያ የሚያርስ፣ ልጅ የሚያሳድግ የእኔ ሰው መኖሩ አይቀርም። የእሱ ጎጆ የት ነበረች? በየትኛው ጅረት በኩል?

ቤቱን ከጆናታን የወረሰው ልጁ ጆን ነው። እንዲያ እያለ ስምንት ትውልድ ኖረበት። መጨረሻ ላይ የቀረችው ርብቃ የምትባል ሴት ናት፣ አላገባችም። በ1892 መብረቅ ቤቱን መታው። እሷ ተረፈች፣ ውሻዋ ግን ሞተ። እኔ ብሆን በማግስቱ ጓዜን ጠቅልዬ በወጣሁ። እሷ ግን ጨርሳ አልተወችውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤቱን ብትሸጠውም እዚያው መኖሯን አላቆመችም። ኋላ ላይ አንዲት የቦስተን ሴት ከነልጇ ገዝታ ከመፍረስ አተረፈችው። ቀጥሎ የጆናታን ዘሮች ማኅበር አቋቁመው በ1904 መልሰው ገዙት። ዛሬም የእነሱ ነው። ሸጠውት እንደገና መግዛታቸው ነው ልቤን የነካው። ለካ የሸጡት ቤትም ይመለሳል።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ግዛቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው እዚያ በነበረው የማሳቹሴት ሕዝብ ስም ነው። የእነሱ ልጆች «አያቴ እዚህ ነበር የሚኖረው» ብለው የሚያሳዩት በር የት አለ? ቤቱን በጣም ወደድኩት፣ ይህ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣም።

አያቴ ሁለት ቤት ነበራት። በእኛ አቆጣጠር በ1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ አንዱ ትርፍ ተባለ። አንዱን ምረጪ አሏት። ትልቁን ትታ ትንሹን ያዘች፣ የተከለችው ጌሾ እዚያ ጓሮ ነበርና። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁልጊዜ በትልቁ ቤት በኩል ነበር የምታልፈው። ቆማ አታየውም። ረገጥ ረገጥ ብላ፣ ቀስ ብላ ታልፋለች እንጂ።

ትንሹን ቤት በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ራሷ ትለቀልቀው ነበር። እኔ ጭቃውን በባልዲ አቀብላታለሁ። ጭቃው ሲደርቅ የጣቶቿ መስመር ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ አራት አራት ሆኖ፣ እንደ ትልም። በኋላ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። ቢሆንም በር አጠገብ ብርሃን በጎን ሲመታው መስመሩ ይታያል። ባለፈው ስሄድ አራት ጣቴን አስገብቼ ሞከርኩት። የእሷ ይሰፋል።

ሰባት ቤት የምንለው ነገር ገረመኝ ዛሬ። ትውልድ የምንቆጥረው በቤት ነው። ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ከተቆጠሩት ቤቶች ግን አንዱም ጣሪያ የለውም፣ ሁሉም ስም ነው። ፌርባንክሶች ስምንቱን ትውልድ አንድ ጣሪያ ሥር አኖሩት። እኛ በአፋችን ይዘነው ነው የዞርነው። ይህ ከዚያኛው ያንሳል ብዬ አላምንም። የሚይዘው አፍ እስካለ ድረስ።

እሱን ሳስብ ለእማዬ ደወልኩ። እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ እዚያ ነግቷል።

«ምን ሆነሽ ነው? ሌሊት አይደለም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ።»

«ውይ! ልታገቢ ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው። የደምቢያውን።»

ሳቀች። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፣ ሳላያትም አውቀዋለሁ። ስሞቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ። አምስተኛው ላይ ቆመች። ረጅም ዝምታ ሆነ።

«ከዚያ ወዲያ ያለውን አያትሽ ነበረች የምታውቀው» አለችኝ። «ክረምት ክረምት፣ ማታ ማታ ነበር የምትነግረን። ቆርቆሮው ሲጮህ ግማሹን አልሰማሁትም።»

ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም ወይ አልኳት። አሰበች። ደምቢያ የቀሩ አንዲት የአክስቷ ልጅ አሉ፣ በሕይወት ካሉ። በጣም አርጅተዋል። ስልክ የላቸውም።

ማን ሄዶ ይጠይቅልኝ ይሆን?