ቅዳሜን ሐይቅ ላይ

ዛሬ ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ዋልኩ። «ላይ» ስል የእውነት ላይ ነው፤ ሚኒሶታ በጥር ሐይቅ በእግር ይኬዳል።

የሥራ ባልደረባዬ በረዶውን ሰርስሮ ሁለት ቀዳዳ አበጀ። እሱ ፍላሸር (በድምፅ ሞገድ ከበረዶው ስር ያለውን አሳ የሚያሳይ መሣሪያ) አለው፣ እኔ ተስፋ። እሱ አራት አሳ ሲያወጣ እኔ እግሬ ደነዘዘ። አሳዘንኩት መሰለኝ፣ «ና እይ» አለኝ።

የፍላሸሩ ፊት እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ ነው። የሐይቁ ወለል ወፍራም ቀይ፣ የኔ መንጠቆ ቀጭን አረንጓዴ መስመር። ድንገት ከወለሉ አንድ ነገር ተነሳ። አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዛ ቀይ! «ቀስ ብለህ ወደ ላይ ሳበው» አለኝ። አሳው ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ሆኑ፣ ክሩ ተወጠረ። ልቤ ልትወጣ!

ቤት ስገባ ኮቴን ሳላወልቅ ዋጋ ማየት ጀመርኩ። ምርጫው ግን ራስ ያዞራል። ዋናው የድምፅ ሞገዱ ስፋት ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ 20 ዲግሪው 3.5 ሜትር ገደማ ስፋት ያያል፣ 9 ዲግሪው 1.6። ሰፊው ብዙ ያሳያል፤ ግን አሳው ከመንጠቆዬ ስር ይሁን ጎረቤቴ ጋር በምን አውቃለሁ? እኛ ጥልቁ ላይ ስለምንቀመጥ ጠባቡ ይሻለኛል። ሌላ ፍላሸር አጠገብ ሲበራ የሚመጣውን ብልጭልጭታ የሚያጠፋ ቁልፍም የግድ ነው። ባትሪው ሊቲየም ቢሆን ደግሞ ለትከሻ ይቀላል።

ባለቤቴ ዋጋውን አይታ «በዚህ ብር ስንት ኪሎ አሳ ይገዛል?» አለችኝ። እያሰላሁ ነው።